ለፓራሜዲክ የትኛው ሲሙሌሽን ይሻላል? ከበግ ማንቁርት እስከ ኮምፒውተር ማኒኪን

አንድ የአምቡላንስ አገልግሎት ወይም የጤና ኮሌጅ የሥልጠና በጀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛውን ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ) እንግዛ?» የሚል ነው። መቅደም የነበረበት ግን «ሠራተኞቻችን የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?» የሚለው ነበር። የሲሙሌሽን (እውነተኛ ሁኔታን አስመስሎ የመለማመድ) ዓይነቶች የሚያርሙት ስህተት ለየቅል ነውና ይህ ሳይለይ የተገዛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

ስህተቶቹ በጥቅሉ አራት ናቸው። ካኑላ (የደም ሥር መርፌ) ሦስት ጊዜ ወግቶ የሚስተው ባለሙያ ችግሩ የእጅ ነው። የልብ ድንገተኛ ሕመምን ጨጓራ ነው ብሎ የሚያልፈው ችግሩ የውሳኔ ነው። «አድሬናሊን ተሰጥቷል» «የለም፣ አልተሰጠም» እየተባባለ የሚከራከር ቡድን ችግሩ የመናበብ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻው ቁልፍ ጠፍቶ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚንደፋደፍ ቡድን ደግሞ የዕቃና የቦታ ችግር አለበት። ያለፉትን ሦስት ወራት የጉዞ ቅጾች አውጥታችሁ ስህተቶቹን በእነዚህ አራት ከፍሉ። የትኛው ክምር እንደሚበዛ ካያችሁ ምርጫው ከግማሽ በላይ አልቋል።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ የሥራ ወሰን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፓራሜዲክ (በአምቡላንስ ላይ ከፍተኛው የሕክምና ባለሙያ) አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው የላቀ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ የደም ሥርና የአጥንት መቅኒ መስመር ይከፍታል፣ ሱፕራግሎቲክ ቱቦ (ከድምፅ አውታር በላይ የሚቀር የትንፋሽ ቱቦ) ያስገባል፣ የተወሰኑ መድኃኒቶችን ይሰጣል፤ ኢንቱቤሽን (ቱቦን ወደ አየር ቧንቧ ማስገባት) ግን የፓራሜዲኩ ነው። አምቡላንሳችሁ የሚይዘው አይ ጄል (አንዱ የሱፕራግሎቲክ ቱቦ ዓይነት) ብቻ ከሆነ የኢንቱቤሽን መለማመጃ ጭንቅላት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አይ ጄል ደግሞ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቁጥር 3፣ ከ50 እስከ 90 ኪሎ ቁጥር 4 ስለሆነ፣ ሠልጣኙ ራሱ እንዲመርጥ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ትክክለኛውን ቁጥር አስቀድሞ አውጥቶ የሚጠብቅ አሠልጣኝ የሥልጠናውን ግማሽ ራሱ ሠራው ማለት ነው።

ለእጅ ሥራ፦ የአካል ክፍል ሞዴል ወይስ ከሥጋ ቤት?

እጅ የሚለምደው በመደጋገም ስለሆነ እዚህ ላይ ርካሽ ነገር ብዙ ጊዜ ውዱን ይበልጣል። አንድ ሰው ውድ ክንድ ላይ ሁለት ጊዜ ወግቶ ከሚሄድ ርካሽ ክንድ ላይ ሠላሳ ጊዜ ቢወጋ ይሻለዋል።

የፋብሪካ የአይ.ቪ. (የደም ሥር መርፌ መለማመጃ) ክንድ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ሲወጋ ቆዳው ይቀደድና ያፈሳል። ሁለተኛ፣ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ቱቦው ውስጥ ሲያድር ይደርቅና ይደፍነዋል። መፍትሔው የመውጊያ ቦታውን በየሣምንቱ መቀየር፣ ለልምምድ 20 ወይም 22 ጌጅ (ቀጠን ያለ) መርፌ መጠቀም፣ ማታ ማታ ቱቦውን በንጹሕ ውኃ አጥቦ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው። መለዋወጫ ቆዳና ቱቦ አብሮ ካልታዘዘ ክንዱ ባይገዛ ይሻላል። በስፖንጅ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ዘርግቶ በስስ ጨርቅ መሸፈንም ለጀማሪ ይበቃል።

ለአጥንት መቅኒ መርፌ የዶሮ ቅልጥም የታወቀ መለማመጃ ነው። መርፌው አጥንቱን ሲበሳ ድንገት የሚለቀው ስሜት ይገኝበታል። የፈረንጅ ዶሮ ገና ጫጩት ሳለች ስለምትታረድ አጥንቷ ይለሰልሳል፤ ሠልጣኙ «ቀላል ነው» ብሎ ይሄዳል። የሐበሻ ዶሮ ይሻላል፣ ይልቁንም ያረጀ አውራ።

የፓራሜዲክ ወሰናቸው አንገት ቀዶ የትንፋሽ መንገድ መክፈትን የሚፈቅድላቸው ደግሞ ከበግ ማንቁርት የተሻለ መለማመጃ በዚህ ዋጋ አያገኙም። የላስቲኩ ሞዴል ሁልጊዜ ደረቅና ንጹሕ ነው፤ የበጉ ያንሸራትታል፣ ቅርፉም በጣት ተፈልጎ ነው የሚገኘው። አንድ ችግር አለ፦ ሲታረድ ቢላዋው ማንቁርቱ አጠገብ ስለሚያርፍ ተቆርጦ ሊመጣ ይችላል። ለአራጁ ቀድሞ መንገርና ዝቅ ብሎ እንዲያርድ መጠየቅ፣ ማንቁርቱም ከነአየር ቧንቧው እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዝግ ስለሚሆኑ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ማዘዝ ወይም ሥልጠናውን ከፋሲካ በኋላ ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንቁርቱን የተጠቀለለ ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ጣውላ ላይ በምስማር አስሩት። ላዩን በስስ ስፖንጅና በሰፊ ፕላስተር ሸፍኑ፤ ሠልጣኙ በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ መፈለግ አለበት። በ10 ቁጥር የቀዶ ሕክምና ቢላ በሁለቱ ልም አጥንቶች መካከል ያለውን ስስ ሽፋን አግድም ይወጋል፤ ቢላውን ሳያወጣ ስለቱን ወደ እግር 90 ዲግሪ ያዞራል፤ ቡጂውን (ቱቦውን የሚመራ ቀጭን ዘንግ) በቢላው ጎን አንሸራቶ ያስገባል፤ በቡጂው ላይ 6 ቁጥር ቱቦ ያሳልፋል። በጉ ትንሽ ከሆነ 5 ወይም 5.5 ይሁን። በብዛት የሚታየው ስህተት ቡጂው ከመግባቱ በፊት ቢላውን ማውጣት ነው፤ ቀዳዳው ወዲያው ይጠፋል። እውነተኛ አንገት ላይ ደግሞ ደሙ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ጎኑ ላይ በቱቦ ቀይ ውኃ የሚያፈስ ከረጢት ብትጨምሩበት ልምምዱ ሌላ ይሆናል። ጓንት ግዴታ ነው፤ ጣውላውና ዕቃው 0.5 በመቶ ክሎሪን ባለው የበረኪና ውኃ ይታጠብ፤ ለዚህ የዋለ ቢላና ቱቦ ወደ አምቡላንስ ቦርሳ አይመለስ።

ሲ.ፒ.አር.፦ የሚናገር ማኒኪን ወይስ «ቀጭ» የሚለው?

ሲ.ፒ.አር. ማለት ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት ነው፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አንመክርም። ተራው ማኒኪን ጥልቀቱ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፣ በቃ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 መሆኑን፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር መካከል መቆየቱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደረቱ ሙሉ በሙሉ መመለሱን አይነግርም። ሠልጣኙ ሲደክመው ደረቱ ላይ ይደገፋል፤ ደሙም ወደ ልብ የሚመለስበት ጊዜ ያጣል። ይህን በዓይን መለየት ለልምድ ላለው አሠልጣኝም ይከብዳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከጥር 31 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዋቂ ሲ.ፒ.አር. ኮርሶቹ ላይ ይህን የሚለካ መሣሪያ ግዴታ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ያረጀ ማኒኪን ሌላ ጣጣ አለው፦ ስፕሪንጉ ይላላና በትንሽ ጉልበት «ቀጭ» ይላል። እዚያ ላይ የለመደ ሰው እውነተኛ ደረት ሲገጥመው 5 ሴንቲ ሜትር አይደርስም። መለኪያውን ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ባለ ማኒኪን መጠቀምም ያታልላል፤ ፍራሹ የሚሰምጠው እንደ ደረት ጥልቀት ሊቆጠር ይችላል። ወለል ላይ ወይም በጠንካራ ጣውላ ላይ አድርጉት።

አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ከረጢት) ላይ ያለው ስህተት ግን ያለ ምንም መሣሪያ ይያዛል። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይጨምቃል። ቱቦ ለገባለት ታካሚ በ6 ሰከንድ አንድ ጊዜ በቂ ሆኖ ሳለ በ2 ሰከንድ አንዴ የሚሰጥ ብዙ ነው። የአዋቂ ባግ 1.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የሚፈለገው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሲሦውን መጨመቅ ይበቃል። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ለሁለት ደቂቃ ይቁጠር፤ ከ20 በላይ ከሆነ ለሠልጣኙ ቁጥሩን ብቻ ንገሩት፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለአራስ ሕፃን የላርዳል ኩባንያ ማኒኪን፣ ኒዮናታሊ፣ በዋጋውም በአሠራሩም ይመረጣል። ሞቅ ያለ ውኃ ሲሞላ የአራስ ክብደትና ልስላሴ አለው፣ መብራት አይፈልግም፣ እትብቱ ላይ የልብ ምት በእጅ ይሰጠዋል። ዓላማው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ መስጠት መጀመር ስለሆነ ሰዓት ይዞ መለማመድ ነው።

ኮምፒውተር ማኒኪን ወይስ ተራ ማኒኪን ከታብሌት ጋር?

ብዙ ክርክር የሚነሣው እዚህ ነው። ኮምፒውተር ማኒኪኑ ይተነፍሳል፣ የደም ሥሩ ይመታል፣ ብሌኑ ይጠባል ይሰፋል፣ የሳንባው ድምፅ ይለዋወጣል። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ይጀምራል። ከዚያ ሌላ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ መለዋወጫ፣ በየጊዜው የሚደረግ ጥገና እና ከአሠልጣኙ የተለየ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የሪሰሲቴሽን ትስስር ኮሚቴ (ኢልኮር) የሰጠው ሐሳብ ልከኛ ነው፦ መሠረተ ልማት፣ የሠለጠነ ሰውና አቅም ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው በተራው ማኒኪን ቢያሠለጥን ችግር የለውም።

እኛ አገር ላይ ሲታይ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ ተራው ያጋድላል። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ማኒኪን ቻርጀሩ ለ110 ቮልት የተሠራ ሆኖ 220 ላይ ተሰክቶ በመጀመሪያው ቀን ሊቃጠል ይችላል፤ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። መብራት ሲጠፋ ኮምፕረሰሩ ይቆማል፣ ደረቱም መተንፈስ ያቆማል፤ ሠልጣኙ ደግሞ «ሞተ» ብሎ ሲ.ፒ.አር. ይጀምራል። አንድ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ለመተካት የውጭ ምንዛሬና ጉምሩክ መጠበቅ አለ። ዕቃው እስኪጠገን አይሰለጠንበትም፤ ውድ ስለሆነም አምቡላንስ ውስጥ አስገብቶ በደረጃ ለማውረድ ማንም አይደፍርም።

ተራው ማኒኪን ከሁለት ታብሌት ጋር ይህን ሁሉ ባይሠራም አብዛኛውን ይተካል። አንዱ ታብሌት የታካሚ ሞኒተር ሆኖ ይታያል፣ ሌላው ከአሠልጣኙ እጅ ሆኖ ይቆጣጠረዋል። ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ልብሱ ሥር ይደበቅና ታካሚው ይናገራል። የማይሰማው የሳንባ ድምፅ በሕግ ይተካል፦ ስቴቶስኮፑን ትክክለኛው ቦታ ላይ ላስቀመጠ ብቻ «በግራ በኩል አየር አይገባም» ይባላል። ከሩቅ ለጠየቀ አይነገርም። ይህች ሕግ ስትጣስ ሲሙሌሽኑ የቃል ፈተና ይሆናል።

ታሪኩን ስትጽፉ ከውጭ መጽሐፍ ቁጥር አትገልብጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይ ከ90 እስከ 95 በመቶ ሰቹሬሽን (የደም ኦክስጅን መጠን) ማየት እንግዳ አይደለም። 94 ሲያይ የሚደነግጥ ሠልጣኝ ሠመራ ላይ ልክ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ኦክስጅን ያባክናል።

ኮምፒውተር ማኒኪኑ ተገቢ የሚሆነው ብዙ ተማሪ በየሣምንቱ የሚያስተናግድ፣ ቋሚ ክፍል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) እና ቴክኒሻን ያለው ተቋም ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ይቆይ።

ሰው በታካሚ ቦታ

ማኒኪን ላብ አያልበውም፣ አያለቅስም፣ አይዋሽም። ታሪክ መቀበልንና ውሳኔን ለመፈተን ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው ይበልጣል። የልብ ድንገተኛ ሕመም ያለበት ታካሚ እኛ ዘንድ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላል፤ ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመ ስትሮክ «ምች መታኝ» ይባላል። ተዋናዩ እንዲህ እንዲል አድርጉና ሠልጣኙ ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ምርመራ) ያነሣ እንደሆነ፣ ክንዱን ያስነሣው እንደሆነ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት የጠየቀ እንደሆነ ተመልከቱ። የሚጥል በሽታ ታሪክ ላይ ደግሞ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር የሚይዝ አጎት ጨምሩ። አጎትየውን በአክብሮት ገለል አድርጎ ታካሚውን በጎኑ ማስተኛት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ለተዋናዩ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ሳይጠየቅ የሚናገረው፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገረው፣ በፍጹም የማይናገረው። ልምምዱን ወዲያው የሚያስቆም አንድ ቃልም ይኑር። ሰው ላይ መርፌ አይወጋም፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት (ሻክ) አይሰጥም፤ ንዝረቱን የሚሰጠው መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተሩ፣ ክፍሉ ውስጥ ካለ ባትሪው ይውጣ። መርፌ የሚያስፈልግ ከሆነ የላስቲክ ክንዱ ተዋናዩ ጎን ይቀመጥ።

አምቡላንሱ ራሱ ክፍል ሲሆን

ከሁሉ ርካሹ፣ በኛ አስተያየትም ብዙ የሚያሳየው ይሄ ነው። ሰፊ ክፍል ውስጥ በሦስት ጎን ቆመው ሲ.ፒ.አር. የተለማመዱ ሰዎች ላንድክሩዘር አምቡላንስ ውስጥ ሲገቡ ቀጥ ብሎ መቆም እንደማይቻል፣ ታካሚው በአንድ ጎን ብቻ እንደሚደረስ፣ ሳክሽኑ (ፈሳሽ መምጠጫው) በጭንቅላት በኩል ተቀምጦ ከሚፈልገው ሰው ጀርባ እንደሆነ ያኔ ይታያቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጉት ታሪኩ ቀላል ይሁን፤ የምትፈልጉት ዕቃውን ነው። መኪናው እንደወትሮው እንደቆመ፣ ማንም ሳያዘጋጀው ይወሰድ። አሠልጣኙ ወረቀት ይዞ ይቁም፦ የሲሊንደሩ ቁልፍ አለ ወይ? ሬጉሌተሩ (የኦክስጅን መቆጣጠሪያው) ያፈሳል? የላሪንጎስኮፑ (የጉሮሮ ማያው) መብራት ይበራል? የሳክሽኑ ባትሪ ስንት ደቂቃ ቆየ? የዲፊብሪሌተሩ ፓድ ጊዜው አልፏል? ቃሬዛው ወለሉ ላይ ይቆለፋል? በአንድ ከሰዓት የሚገኘው የጉድለት ዝርዝር ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ሁለተኛው ዙር ደረጃው ነው። ኮንዶሚኒየሞቻችን በብዛት ጂ ፕላስ 4 ሆነው ሊፍት የላቸውም። ማኒኪኑ ቀላል ስለሆነ አሸዋ የሞላ ከረጢት ጨምራችሁ ወደ 70 ኪሎ አድርሱት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጡት፣ ቡድኑ ያውርደው። እየወረዱ የሚደረግ ሲ.ፒ.አር. ዋጋ እንደሌለው ያኔ በመለኪያው ላይ ይታያል። ስለዚህ የሚለማመዱት እቅዱን ነው፦ ዋናውን ሕክምና እዚያው ቤት ውስጥ መስጠት፣ መውረድ ግድ ከሆነ በየማረፊያው አውርዶ መጭመቅ፣ አንዱ ሰው «ተነሥ» እና «አውርድ» የሚለውን ብቻ እንዲያዝ ማድረግ። ሌላ ሰው ካዘዘ ቃሬዛው ማዞሪያው ላይ ይጣበቃል።

ሦስት ጥንቃቄ፦ ለጥሪ ማዕከሉ መኪናው ልምምድ ላይ መሆኑን አሳውቁ፤ እውነተኛ ጥሪ ሲመጣ ልምምዱ በዚያው እንዲቋረጥ ይስማሙ፤ ሳይረን እያሰሙ መንገድ ላይ አትለማመዱ። መኪናው መንቀሳቀስ ካለበት ዝግ ግቢ ውስጥ፣ በዝግታ ይሁን።

ቪአር እና የብዙ ተጎጂ ልምምድ

የቪአር (ምናባዊ እውነታ) መነጽር ውሳኔን ደጋግሞ ለማለማመድ ጥሩ ነው፤ እጅን አያስተምርም። አብዛኛው ይዘት በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፣ መነጽሩም በየሰው መጽዳት አለበት። በትርፍ በጀት ካልሆነ አያስቸኩልም።

ለብዙ ተጎጂ አደጋ ወደ ሜዳ ከመውጣት በፊት በወረቀት ጀምሩ። 20 ካርድ ላይ የ20 ተጎጂዎችን ትንፋሽ፣ የደም ዝውውርና ንቃት ጻፉ፤ ሠልጣኙ ስታርት በተባለው፣ ተጎጂን እንደ አስቸኳይነቱ በቀለም በሚለየው ዘዴ ይለይ። መራመድ የሚችል አረንጓዴ። የአየር መንገዱ ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር፤ ሲከፈትለት የተነፈሰ ቀይ። በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ ቀይ። ጥፍሩ ሲጫን ደሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚወስድ ወይም የክንዱ ምት የሌለው ቀይ። ትእዛዝ የማይፈጽም ቀይ፤ የቀረው ቢጫ። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ማታ ላይ ጥፍር ስለማይታይ በክንድ ምት ይተካ።

ሜዳ ላይ ስትወጡ የሚደገመው ስህተት መጀመሪያ የደረሰው ባለሙያ የሚጮኸውን ሰው ማከም መጀመሩ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ተዋናይ «እጅግ ጩኽ፣ ጉዳትህ ግን እግር ላይ ያለ ቁስል ነው» በሉት፤ ዝም ብሎ በፍጥነት የሚተነፍሰውን ደግሞ ከኋላ አስቀምጡት።

የአሠልጣኙ ወጪ

በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የአሠልጣኝ ሥልጠና ነው፤ መቆረጥ የነበረበት መጨረሻ ነው። ለ15 ደቂቃ ታሪክ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውይይት መያዝ አለበት፤ በአንድ አሠልጣኝ ከ4 እስከ 6 ሰው። «ጥሩ ነበር፣ በርቱ» የሚለው ምንም አይለውጥም፤ «እንዴት ይህን ታደርጋለህ!» የሚለውም አፍ ያስይዛል፣ በተለይ አለቃ ፊት። የሚሠራው ያየኸውን ተናግሮ መጠየቅ ነው፦ «ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መጭመቁ ለ25 ሰከንድ ቆሞ ነበር። ከ10 ሰከንድ እንዳያልፍ ስለምንፈልግ አሳሰበኝ። ያኔ ምን እየጠበቃችሁ ነበር?» መልሱ ብዙ ጊዜ «ሐኪሙ ይዘዘን ብለን» ይሆናል፤ መታረም ያለበት ነገር እዚያ ተገኘ።

የእጅና የቅደም ተከተል ሥራ ላይ ሌላ መንገድ ይሻላል፦ ስህተቱ እንደታየ ማስቆም፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማረም፣ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስደገም። በጆንስ ሆፕኪንስ የሕፃናት ሕክምና ሠልጣኞች ላይ የተሞከረው ይህ አካሄድ ለሲ.ፒ.አር. ቡድን እጅግ ይስማማል። የሲ.ፒ.አር. ክህሎት በወራት ውስጥ ስለሚሸረሸር በዓመት አንዴ ከሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ይልቅ በየወሩ በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት 15 ደቂቃ መለማመድ ይመረጣል።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ብሔራዊ መዝጋቢ ድርጅት ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ለፓራሜዲክና ለላቀ ደረጃ ይሰጥ የነበረውን የተግባር ፈተና ስላስቀረ የእጅ ክህሎታችሁን የሚያረጋግጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት በሣምንት ስንት ሰዓት ሲሙሌሽን እንዳለና በቡድን ስንት ሰው እንደሚሆን ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ አምቡላንስ ጣቢያ ብቻ ላለው፦ የሚለካ የሲ.ፒ.አር. ማኒኪን አንድ፣ ኒዮናታሊ አንድ፣ ሁለት ታብሌት፣ የዶሮ ቅልጥምና የበግ ማንቁርት፣ ሁለት የሠለጠነ አሠልጣኝ። ኮሌጅ ከሆነ በዚህ ላይ አራት የአይ.ቪ. ክንድ፣ የኢንቱቤሽን መለማመጃ ጭንቅላትና የተዋናይ አበል። ኮምፒውተር ማኒኪን ሦስተኛው ዓመት ላይ ይታሰብ።

የልምምድ መድኃኒትና ፈሳሽ ከእውነተኛው ጋር በፍጹም አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ለሥልጠና የተሠራ፣ ከጀርም ያልጸዳ ሳላይን (ጨዋማ ፈሳሽ) ወደ ክሊኒኮች ገብቶ ከ40 በላይ ለሚሆኑ ታካሚዎች ተሰጥቶ ነበር። «ለሥልጠና ብቻ» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ የተለየ ሣጥን፣ ከልምምድ በኋላም ቆጠራ ይኑር። ተራ ማኒኪን ላይ በእውነተኛ ዲፊብሪሌተር ኃይል አትልቀቁ፤ ሻክ የሚቀበል ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ያቃጥለዋል፣ ሰውም ይጎዳል።

ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አጭር ናቸው። የሳንባ ከረጢትና የፊት ቆዳ አዲስ አበባ ውስጥ በክምችት አለ? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው፣ የትስ ነው የሚጠግነው? በ220 ቮልት ይሠራል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? የሶፍትዌሩ ፈቃድ ሲያልቅ ማኒኪኑ ይቆማል? መልሶቹ በጽሑፍ ይሁኑ፣ ውሉ ላይም ይግቡ፤ የሁለት ዓመት መለዋወጫም በዚያው ደረሰኝ ላይ ይታዘዝ።